የመመረቂያ ጽሑፍ ሲፈተን መጠይቁም ይቅረብ

በሐረርና በድሬዳዋ በሕክምናና በጤና ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን የሚሠሩ ተማሪዎች መረጃ ከመሰብሰባቸው በፊት የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ማግኘት አለባቸው። ፈቃዱ አስፈላጊ ነው፤ በዚህ ክርክር የለኝም። የሚያሳስበኝ ከማኅተሙ በኋላ ያለው ነው። ተማሪው ወይም የቀጠረው መረጃ ሰብሳቢ ድሬዳዋ ገንደ ቆሬ ወይም ሐረር ጁገል ገብቶ፣ በር አንኳኩቶ ምን እንዳለና ምን እንደጻፈ ዞር ብሎ የሚያይ እምብዛም የለም።

ቤት ለቤት የዞረ መጠይቅ ያስታውቃል። በድሬዳዋ ሙቀት በላበ እጅ ሲገላበጥ ውሏልና ጠርዙ ይታጠፋል፣ አቧራ ይይዛል። ስርዝ ድልዝ አያጣውም፤ ሰው ሁሉንም ጥያቄ አይመልስምና ባዶ የቀረ ቦታም ይኖራል። ተቀምጦ የተሞላው ግን ንጹሕ ነው፤ አንድ እስክሪብቶ፣ አንድ የእጅ ጽሑፍ፣ ክፍት ቦታ የሌለው። የደም ግፊቱን ዓምድ ብቻ ማየት ብዙ ይናገራል። በእጅ የሚሠራው መለኪያ መስመሮቹ በ2 በ2 ስለሚሄዱ 118፣ 124፣ 136 የሚሉ ቁጥሮች መታየት አለባቸው። ሁሉም 120፣ 130፣ 140 ከሆኑ የለካው ሰው ተቻኩሏል፤ ወይም ጨርሶ አልለካም። በታብሌት ሲሰበሰብ ደግሞ ቅጹ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት ይመዘገባል። ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ቃለ መጠይቅ በ4 ደቂቃ ካለቀ ተማሪው ሊጠየቅበት ይገባል። ይህ ሁሉ ተከፍቶ ቢታይ ይታወቃል፤ በፈተናው ቀን ግን ፈታኞች ፊት የሚቀርበው የተጠረዘው ጽሑፍ ብቻ ነው።

የተሳታፊው ፈቃድም እዚያው በር ላይ ነው የሚበላሸው። በድሬዳዋ በአንድ ሰፈር ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ ይነገራል፤ ሐረር ላይ ሐረሪም ይጨመራል። በወረቀት ያልተተረጎመውን መረጃ ሰብሳቢው እንደመጣለት ያስረዳል። «እማማ፣ ትንሽ ደም ብቻ ነው፤ እዚህ ጋ ይፈርሙ» ተብለው የፈረሙ እናት ደሙ ለምን እንደሚፈለግ አያውቁም። እምቢ ቢሉ በጤና ጣቢያው ሕክምናቸው እንደማይጓደልም የነገራቸው የለም። በሰው ላይ ለሚደረግ የሕክምና ምርምር የሥነ ምግባር መመሪያ የሆነው የሄልሲንኪ መግለጫ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የሚጠይቀው ፈቃድ ይህ አይደለም።

«ለመመረቅ ያህል ነው፣ ማን ያነበዋል?» የሚለውን ሰበብ ፈጽሞ አልቀበለውም። የብዙ ጥናቶችን ውጤት የሚያጣምሩ ተመራማሪዎች ከየዩኒቨርሲቲው የተቀመጡ የመመረቂያ ጽሑፎችንም ይጠቀማሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋን በበጋ የመታው ወባ፣ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከተባለችውና በበርሜልና በውሃ ማጠራቀሚያ ከምትራባው ትንኝ ጋር መያያዙ የታወቀው የታማሚዎች ቤት ድረስ ሄደው ውሃውን በዓይናቸው ባዩ ሰዎች ነው። በርሜሉን ሳይከፍቱ «እጭ የለም» ብለው ሞልተው ቢሆን ኖሮ ከተማዋ ስለዚህች ትንኝ ምን ታውቅ ነበር?

ጥሬ መረጃ መክፈት ምን እንደሚያወጣ ደቡብ አፍሪካ ታይቷል። ቨርነር ቤዝዎዳ የተባሉ የካንሰር ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1999 ከፍተኛ መጠን ያለው ኬሞቴራፒ ለጡት ካንሰር የተሻለ ውጤት አስገኘ ሲሉ አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ2000 መርማሪዎች ጆሃንስበርግ ድረስ ሄደው የታካሚዎቹን መዝገብ ሲጠይቁ የብዙዎቹ አልተገኘም፤ የተገኘውም ከቀረበው ጋር አልገጠመም። ሐኪሙም ማዛባታቸውን አመኑ።

ተማሪውን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። የምርምር ገንዘብ ሲዘገይ የማስረከቢያው ቀን አብሮ አይራዘምም። መረጃ ሰብሳቢው በሞላው ቅጽ ቁጥር የሚከፈለው ከሆነ ደግሞ እንዲፈጥር እየተገፋፋ ነው። ስለዚህ ክፍያው በቀን ይሁን። አማካሪው ቢያንስ አንድ ቀን መስክ ይውረድ፤ ከመቶ አምስቱን ተሳታፊ ሌላ ሰው ተመልሶ ይጠይቅ። በፈተናው ቀን መጠይቆቹ በካርቶናቸው ይቅረቡ፤ ፈታኙ ራሱ አሥሩን መዝዞ ኮምፒውተር ላይ ከገባው ጋር ያስተያይ። ካልገጠሙ ፈተናው ይቁም። ፈታኞችም አንድ ልማድ ይተዉ፤ ከመቶ ተሳታፊ ሰባው ብቻ መለሰልኝ ብሎ በሐቅ የጻፈውን ተማሪ «ለምን አነሰ?» እያሉ ነጥብ መቀነስ፣ ዘጠና ስምንት ብሎ የመጣውን ግን ሳይጠይቁ ማለፍ።