ከፕሮጀክተሩ በፊት መጋረጃው

በባህል ማዕከል፣ በቤተ መጻሕፍት ወይም በትምህርት ቤት አዳራሽ ገለልተኛ ፊልም (ከትልልቅ ኩባንያዎች ውጪ የተሠራ) እናሳይ የሚል ሐሳብ ሲነሳ ውይይቱ ብዙ ጊዜ የሚቆመው «ጥሩ ፕሮጀክተር የለንም» የሚለው ላይ ነው። የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፋል፣ መልስ ይጠበቃል፣ ዓመቱም ያልፋል። በመጨረሻ ውዱ ዕቃ ሲመጣ ደግሞ ስስ መጋረጃ በተሰቀለበት፣ ወለሉ ሴራሚክ በሆነ ክፍል ውስጥ ይተከላል። የሌሊቱ ትዕይንት ግራጫ ይሆናል፣ ንግግሩም በማሚቶ ይዋጣል። ገንዘቡ የወጣበት ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ጨለማው፣ ቀጥሎ ድምፁ፣ ከዚያ የፊልም ሠሪው ክፍያ፤ ፕሮጀክተሩ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ሲኒማ ቤቶች የሚመሩበት መመዘኛ ሸራው ላይ የነጩ ብሩህነት 48 ካንዴላ በካሬ ሜትር እንዲሆን ይጠይቃል። 3 ሜትር ስፋትና 1.69 ሜትር ቁመት ላለው ነጭ ሸራ ይህን ለማድረስ 760 ሉመን (ፕሮጀክተሩ የሚረጨው ብርሃን መለኪያ) ገደማ ይበቃል። ካርቶኑ ላይ 3,000 ሉመን የተጻፈበት ተራ ፕሮጀክተር ቀለሙ ወደሚያምርበት የፊልም አቀማመጥ ሲዞርና መብራቱ ሲያረጅ ብዙ ቢቀንስም፣ ለዚህ ልክ አያንስም። ችግሩ ያለው ጥቁሩ ላይ ነው። ፕሮጀክተር ጥቁር ቀለም አይረጭም፤ ጥቁር ማለት ብርሃን ያላረፈበት ሸራ ነው። ከመስኮት ዳርና ከበር ስር ሾልኮ ሸራው ላይ የሚያርፈው ብርሃን 10 ሉክስ ብቻ ቢሆን እንኳ ነጩ ከጥቁሩ የሚበልጠው 16 እጥፍ ገደማ ነው። ያው ብርሃን ወደ 1 ሉክስ ሲወርድ ልዩነቱ 150 እጥፍ ይደርሳል። ያንኑ በዕቃ ለማምጣት አሥር እጥፍ የሚያበራ ፕሮጀክተር መግዛት ያስፈልጋል። ስለዚህ ወፍራም ጥቁር ጨርቅ መግዛት ይሻላል።

ጨርቁ ከመስኮቱ በየጎኑ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይለፍ፤ ብርሃን የሚሾልከው ከዳር ነውና። ልኩ ሲወሰድም የመስኮቱን ስፋት በእጥፍ ይወሰድ። ታጥፎ የሚንጠለጠል ወፍራም ጨርቅ ድምፅንም ይውጣል፣ የተወጠረ ስስ ጨርቅ ግን ይመልሳል። በሩ ላይ በአንድ ሜትር ርቀት ሁለት መጋረጃ ቢሰቀል አርፍዶ የሚገባ ሰው ትዕይንቱን አያፈርስም። የአደጋ ጊዜ መውጫ መብራት ግን መጥፋት የለበትም፤ ወደ ሸራው እንዳያበራ መከለል ይበቃል።

ሸራን በተመለከተ አቡጀዲ ወጥሮ ማሳየት የተለመደ ነው። አቡጀዲ ግን ብርሃኑን በከፊል ያሳልፋል። ያለፈው ብርሃን ከኋላ ካለው ግድግዳ ነጥሮ ሲመለስ ምስሉ ይደበዝዛል። በሚገባ የተለሰነ ግድግዳ ካለ የማያብረቀርቅ ነጭ ቀለም መቀባት ይመረጣል። ከስፋቱም በፊት የጣሪያው ቁመት ይታሰብ። ወለሉ ደልዳላ በሆነ ክፍል የተቀመጠ ሰው አናት 1.3 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ የሸራው ታችኛ ጠርዝ ከዚያ በታች ከወረደ የኋላው ተመልካች የግርጌውን ጽሑፍ አያይም። ጣሪያው 2.7 ሜትር ከሆነ የሸራው ስፋት ከ2.4 ሜትር አይለፍ። ትንሽ ሸራ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ፊልም ሠሪዋ ያሳመረችው ትርጉም በሰው ጭንቅላት ሲሸፈን ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ገለልተኛ ፊልም ሌላ ዕድል ስለሌለው ነው። የፊልም ሠሪው የኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቀርቦ እንኳ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልወሰዱትም። ኃይሌና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና አዳራሽ እየተከራዩ፣ ማኅበረሰቡን እያስተባበሩ በየከተማው አሳዩት። ዋሽንግተን ውስጥ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ያለው የመጻሕፍትና የፊልም ቤታቸው ስሙን ያገኘው ከዚሁ ፊልም ነው። እንዲህ ላለ ሥራ ትንሿ አዳራሽ ዋናው ሲኒማ ቤት ናት። እዚያ ተበላሽቶ ከታየ፣ ለዚያ ተመልካች ፊልሙ ያ ነው።

ወደ ድምፅ እንምጣ። በባዶ ግድግዳና በሴራሚክ ወለል መሃል አማርኛ ከባድ ጉዳት ይደርስበታል። ጠብቆና ላልቶ የሚነበበው ልዩነት የተነባቢው ድምፅ ቆይታ ነው፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ይሆናል። ማሚቶው ያችን ቅጽበት ሲሞላት ተመልካቹ ከዐውዱ መገመት ይጀምራል፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላም ይደክመዋል። ድምፅ መጨመር ማሚቶውንም አብሮ ይጨምራል እንጂ አያጠራም። የኋላውን ግድግዳ ከ10 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ጋር በወፍራም መጋረጃ መሸፈን፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ መዘርጋት፣ ስፒከሮቹንም በጆሮ ቁመት ከሸራው ግራና ቀኝ ማቆም ይረዳል። ሰውም ድምፅ ስለሚውጥ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ የተለካው መጠን አዳራሹ ሲሞላ ትንሽ ከፍ ይደረግ።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው ብልሽት ሙዚቃው እየተሰማ ንግግሩ ሲጠፋ ነው። ስፒከሩ አልተበላሸም። ፊልሙ የመጣው ባለ ስድስት መስመር በሆነው 5.1 ድምፅ ሲሆን፣ ንግግሩ ያለው በመካከለኛው መስመር ነው። ላፕቶፑ ግራና ቀኙን ብቻ ሲልክ ሰዎቹ አፋቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። ማጫወቻው ላይ ድምፁን ወደ ስቴሪዮ (ግራና ቀኝ ብቻ ወዳለው) ማጠፍ፣ ወይም ከፊልም ሠሪው የስቴሪዮ ቅጂ አስቀድሞ መጠየቅ ይፈታዋል። በብሉቱዝ ስፒከር አለማሳየት ነው፤ ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳልና። 200 ሚሊ ሴኮንድ መዘግየት በሴኮንድ 25 ፍሬም ለሚሄድ ፊልም አምስት ፍሬም ነው፤ ከንፈርና ቃል ይለያያሉ። ሽቦ ይዘርጋ።

የፍሬም ነገር ከተነሳ፣ ካሜራ ቀስ ብሎ ሲዞር ምስሉ የሚንቀጠቀጠው ብዙ ጊዜ በላፕቶፑ ምክንያት ነው። ላፕቶፕ በሴኮንድ 60 ጊዜ ምስል ይልካል፤ 25 ደግሞ 60ን እኩል አያካፍለውም፤ ስለዚህ አንዱ ፍሬም ሁለት ጊዜ፣ ሌላው ሦስት ጊዜ ይታያል። በስክሪን ማስተካከያው ውስጥ 50 ሄርትዝ መምረጥ ይበቃል። ባለ 24 ፍሬም ፊልም ከሆነ ፕሮጀክተሩ ከተቀበለ 24 ይመረጥ። እዚያው የኤችዲኤምአይ (ምስሉን ወደ ፕሮጀክተሩ የሚወስደው ገመድ) የቀለም ስፋት ላፕቶፑና ፕሮጀክተሩ ላይ አንድ መሆኑ ይታይ። ካልገጠመ ጥቁሩ ይገረጣል፤ አለዚያም በኩራዝ ብርሃን የተቀረጸ የጠይም ሰው ፊት ጥላ ውስጥ ይሰምጣል። እንደ ኃይሌ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ16 ሚሊ ሜትር የተቀረጸን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የ1976 ፊልም ደግሞ ሸራውን ለመሙላት ወደ ጎን መለጠጥ በደል ነው። የምስሉ ስፋትና ቁመት 4 ለ 3 ነው፤ ጎንና ጎኑ ጥቁር ይሁን።

የግርጌ ጽሑፍ በእኛ ፊደል ሲሆን የራሱ ጣጣ አለው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደልን የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ነው። በቀደሙት ሶፍትዌሮች ፊደል የተተየበ ትርጉም በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። ወደ ዩኒኮድ ተለውጦ፣ ፋይሉ ዩቲኤፍ 8 በተባለው የዩኒኮድ አቀማመጥ ተቀምጦ፣ ማጫወቻው ላይ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ ፊደል ካልተመረጠ ባዶ ሳጥኖች ይደረደራሉ። የፊደሎቻችን ቅርንጫፎች ቀጫጭን ስለሆኑ ከላቲኑ ተለቅ ይበሉ፤ «ሰ» እና «ሱ» ከኋላ ወንበር መለየት አለባቸው። ይህን ማክበር የትሕትና ጉዳይ ብቻ አይደለም። በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ የተሠራ ፊልም አዲስ አበባ ላይ አማርኛ ተናጋሪው ጋ የሚደርሰው በዚህ መስመር ነው፤ አሜሪካ ወይም እስራኤል የተወለዱ ልጆችም ከወላጆቻቸው ጎን ተቀምጠው የሚከታተሉት በእንግሊዝኛው ወይም በዕብራይስጡ ነው።

ፋይሉ ቀደም ብሎ ይምጣ፣ ከፍላሽ ሳይሆን ከላፕቶፑ ዲስክ ይጫወት። ፋት 32 በተባለው የፋይል አቀማመጥ የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋ ባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፊልሙ በዕለቱ ጠዋት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ምሽት በሚታይበት ዕቃ፣ ይታይ። አሥር ደቂቃ አይቶ «ይሠራል» ማለት አይበቃም፤ የተበላሸ ቅጂ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው መጨረሻው ላይ ነው። መብራት ቢሄድ ባለ አምፖል ፕሮጀክተር እስኪቀዘቅዝ መልሶ አይበራም። ፕሮጀክተሩንና ላፕቶፑን ለጥቂት ደቂቃ የሚይዝ ዩፒኤስ ጀነሬተር እስኪነሳ ድረስ ያሻግራል። ከተቋረጠም አንድ ደቂቃ ወደ ኋላ መልሶ መጀመር ነው።

የቀረው ገንዘቡ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሕዝብ ማሳየትን የባለመብቱ ድርሻ አድርጎታል። በቤት ደንበኝነት የሚከፈት የኢንተርኔት ፊልም አዳራሽ ውስጥ ለማሳየት ፈቃድ አይሆንም። «ለእናንተ ማስታወቂያ ነው» ተብሎ በነፃ የተወሰደ ፊልም ለሠሪው የቀጣዩን ሥራ የካሜራ ኪራይ አይከፍልም፤ አዳራሹን የጠረገው ሰው ተከፍሎት ፊልሙን የሠራው ባዶ እጁን መሄድ የለበትም። ስምምነቱ አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ ቀኑ፣ የማሳያው ብዛት፣ የወንበሩ ቁጥር፣ ክፍያው። የተቆረጠ ዝቅተኛ ክፍያ ወይም ከመግቢያው ግማሽ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ቢሆን ዝናብ የጣለበትም ምሽት ሠሪውን አይጎዳም። 60 ወንበር በ150 ብር ከሞላ 9,000 ብር ነው፤ 4,500ው የፊልሙ ነው። ውይይቱ አልቆ ሰው ሳይበተን የቲኬቱ ጉርድ አብሮ ይቆጠር፣ ገንዘቡ በቴሌብር ይላክ፣ ቅጂውም ሠሪው እያየ ከላፕቶፑ ይሰረዝ።