ካሊበሩን ተዉትና አረሩን እዩ

አዳኞች ሲገናኙ ክርክሩ ሁሌ ካሊበር፣ ማለትም የጥይቱ መጠን፣ ላይ ነው። አንዱ «.308 ይሻላል» ይላል፣ ሌላው «.30-06ን የሚያክል የለም» ይላል። የተመታው አጋዘን ግን የሁለቱን ልዩነት አያውቀውም። ለውጥ የሚያመጣው ቀለሁ ጫፍ ላይ የተገጠመውና ተተኩሶ የሚወጣው አረር ነው።

ጫፉ ለስላሳ እርሳስ የሆነ አረር ሚዳቋ ላይ ቶሎ ይከፈትና እዚያው ይጥላታል። የትልቅ ከርከሮ ትከሻ አጥንት ላይ ሲያርፍ ግን ሳይዘልቅ ሊበታተን ይችላል። ለትልቅ አውሬ የተሠራው ጠንካራ አረር ደግሞ ትንሽ እንስሳ ላይ ሳይከፈት በስቶ ያልፋል። እንስሳው ቆስሎ ይሮጣል፤ አዳኙም «ሳትኩት» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከዚህ የባሰ አደን የለም።

መልክዓ ምድሩም የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ስለ ርቀት ሲያስብ የሚታየው የጥይቱ መውረድ ብቻ ነው። እርግጥ ነው፣ በ100 ሜትር ዒላማውን እንዲመታ የተስተካከለ .308 በ300 ሜትር ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወርዳል። ግን እዚያ እስኪደርስ ከፍጥነቱም ሩብ ያህሉን ያጣል። አረር የሚከፈተው ደግሞ በፍጥነት ነው። በተለይ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራው ፍጥነቱ ሲቀንስ በደንብ አይከፈትም። ስለዚህ ገላጣ ሜዳ ላይ ቀጠን ረዘም ያለ፣ ንፋስ ብዙም የማይገፋው፣ ፍጥነቱ ቀንሶም የሚከፈት አረር እመርጣለሁ። ጫካ ውስጥ፣ በ50 ሜትር፣ ከበድ ያለና የማይበታተን ይሻላል።

«ከባድ ጥይት ቁጥቋጦ ጥሶ ያልፋል» የሚሉትን ግን አትስሟቸው። ቅርንጫፍ የነካ ጥይት፣ ከባድም ይሁን ቀላል፣ መንገዱን ሊስት ይችላል። ክፍተት እስኪገኝ መጠበቅ ነው።

«ትልቅ ካሊበር ሁሉንም ይገላግላል» የሚለውም አይዋጥልኝም። ዋልተር ቤል የሚባለው ዝነኛ አዳኝ ብዙ ዝሆኖችን የጣለው በ7 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነበር፤ የማይከፈት ጠጣር አረር ይጠቀማል፣ የት እንደሚመታም ጠንቅቆ ያውቃል። ይህን ድገሙት ማለቴ አይደለም። ዛሬ በበርካታ የአፍሪካ አገሮች ለዝሆን ቢያንስ .375 ካሊበር (9.5 ሚሊ ሜትር ገደማ) ይጠየቃል፤ ተገቢም ነው። ለአጋዘን ግን ትከሻ የሚያላቅቅ ጠመንጃ ምን ያደርጋል? ቃታ ሲሳብ ዓይን ያስጨፍናል፣ ያ ነው ትርፉ።

የመረጣችሁትን ጥይት በብዛት ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ፓኬት ብቻ ወስዳችሁ በራሳችሁ ጠመንጃ ሞክሩት። ረጅምና ከባድ አረር አፈሙዙ ውስጥ ያለው ጥምዝ በቂ ሽክርክሪት ካልሰጠው አየር ላይ ይንገዳገዳል። ወረቀት ዒላማ ላይ ክብ ሳይሆን ሞላላ ቀዳዳ ካያችሁ፣ ያ ጥይት ለእናንተ ጠመንጃ አልተሠራም።