መለኪያው ያልተጻፈበት የፍጥነት ገደብ

የብሪታኒያ አካል ከሆነችው ሰሜን አየርላንድ ወደ አየርላንድ ሪፐብሊክ በመኪና የሚሻገር ሰው በመንገዱ ላይ ኬላ አያጋጥመውም። ድንበር ማለፉን የሚያስታውሰው የመንገድ ዳር ምልክት ነው፤ ከኋላው የተወው አገር ፍጥነትን በማይል፣ የገባበት ደግሞ በኪሎ ሜትር ይለካልና። አየርላንድ የፍጥነት ገደቦቿን ወደ ኪሎ ሜትር የለወጠችው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 20 ቀን 2005 ሲሆን፣ በእኔ አስተያየት የዚያ ለውጥ ትልቁ ቁም ነገር ከቁጥሩ ሥር መለኪያው እንዲጻፍ መደረጉ ነው። የብሪታኒያው ምልክት ግን ዛሬም 60 ብሎ ዝም ይላል።

አንድ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ነው። በማይል የለመደ አሽከርካሪ 100 የሚለውን አይቶ የመኪናውን ቀስት እንደ ልማዱ በማይል ቁጥሮች ላይ 100 ቢያደርስ፣ በሰዓት 161 ኪሎ ሜትር እየበረረ ነው። በኪሎ ሜትር የለመደው በተራው 60 ማይል በሚፈቀድበት ጎዳና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 37 ማይል ያህል ቢነዳ፣ ከኋላው የተሰለፉትን ያሰለቻል፤ ትዕግሥቱ ያለቀበትም አጉል ቦታ ላይ ሊቀድመው ይሞክራል።

ገደቦቹ ራሳቸው በየአገሩ መለያየታቸው ብዙ አያሳስበኝም። ኔዘርላንድስ የናይትሮጅን ልቀትን ለመቀነስ ስትል ከማርች 2020 ጀምሮ በአብዛኞቹ አውራ ጎዳናዎቿ የቀኑን ገደብ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር አድርጋለች፤ ጎረቤቷ ጀርመን ደግሞ ገደብ በሌለባቸው አውራ ጎዳናዎቿ 130ን የምትመክረው ብቻ ነው። ይህ የየአገሩ ምርጫ ነው፤ መለኪያው አንድ እስከሆነ ድረስም ነጂው የሚያነበው ቁጥር አያሳስተውም።

አዳዲስ መኪኖች መለኪያቸውን በአንድ ቁልፍ ይቀይራሉ የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። ቁልፉን የሚጫነው ግን መሻገሩን ያስተዋለ ሰው ነው፤ ባለ ቀስት መኪና የያዘውም በብሪታኒያ መኪኖች ውስጥ በትንሹ የተጻፈውን የኪሎ ሜትር ቁጥር ዓይኑን ከመንገዱ ነቅሎ መፈለግ ግድ ይለዋል። ግራ ለመጋባት ድንበር መሻገር እንኳ የማያስፈልግበት ቦታም አለ፤ በአሪዞና ከቱሳን ወደ ሜክሲኮ ድንበር በሚወስደው አውራ ጎዳና ርቀቱ በኪሎ ሜትር ሲጻፍ ፍጥነቱ የሚገደበው በማይል ነው።