ማስተካከያ፦ የዳቦ እርሾ አጓትን ኬሚካል አያደርግም

ሰሞኑን በደብረ ብርሃንና በሸኖ ወተት አምራቾች ዘንድ «አጓት ላይ የዳቦ እርሾ ጨምሩበት፣ ኬሚካል ሆኖ ይሸጣል» የሚል ወሬ እየተዘዋወረ ነው። ትክክል አይደለም። ገንዘባችሁን አታባክኑ።

አጓት ውስጥ ያለው ስኳር ላክቶስ ነው። የዳቦ እርሾ ላክቶስን አይበላም። ወደ ውስጡ የሚያስገባበት በር የለውም፣ የሚሰባብርበት ኢንዛይምም የለውም። ተመራማሪዎች የሁለቱንም ጂን (የዘር መመሪያ) ክላይቬሮማይሰስ ላክቲስ ከሚባል ሌላ እርሾ ወስደው ይጨምሩለታል። ያኔ ላክቶሱን በልቶ ኤታኖል የሚባለውን አልኮል ይሰጣል። ተጨማሪ ጂን ሲገባለት ደግሞ ለፕላስቲክ መሥሪያ የሚሆን ላክቲክ አሲድ ማምረት ይችላል። ይህ ሁሉ ግን ንጹሕ ማብላያ ጋን፣ ቁጥጥር ያለው ሙቀትና ምርቱን ከውሃው የሚለይ መሣሪያ ይፈልጋል። በጓሮ በርሜል የሚሞከር አይደለም።

ለኤታኖል ብቻ ከሆነ ደግሞ ጂን መቀየርም ግድ አይደለም። የአየርላንዱ የወተት ኩባንያ ካርበሪ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአጓት አልኮል የሚያመርተው በተፈጥሮው ላክቶስ በሚበላ እርሾ ነው።

አጓቱን በረሳ ወንዝ ውስጥ ግን አትድፉት። ሲብላላ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። እንደወትሮው ለከብቶቻችሁ ስጡት።