ማስተካከያ፦ እምቦጭ መጀመሪያ የታየው ጣና ላይ አይደለም

ባለፈው ቅዳሜ በማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያችን የውይይት ሰዓት ስለ ጣና እምቦጭ ስናወራ ሁለት ነገር ተሳስተናል። አረሙ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በጣና በኩል ነው ብለን ነበር። አይደለም። ቆቃ ግድብና አዋሽ ወንዝ ላይ የታየው በጎርጎርዮሳዊው 1965 ነው። ጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው በዚያው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ2011 ነው፤ ከአርባ ዓመት በላይ ዘግይቶ። የጣና ጩኸት ስለበዛ ቆቃን ሁላችንም ረስተነዋል መሰለኝ።

ሁለተኛው ስህተት ይብሳል፤ ሰው ሰምቶ ሊሠራበት ይችላል። አቅራቢው (እኔው ነኝ) "ቆራርጦ እዚያው ውኃው ላይ መተው ይበቃል" አልኩ። ስልኩ ወዲያው ጮኸ። አንድ ገበሬ ናቸው። "ልጄ፣ እሱን ስትቆርጠው እኮ ታበዛዋለህ!" አሉኝ። ልክ ናቸው። እምቦጭ በዘር ብቻ ሳይሆን ከግንዱ በሚወጣ ቅርንጫፍም ይራባል። ቁራጩ ተንሳፍፎ ሄዶ ሌላ ቦታ ይበቅላል። ስለዚህ ከነሥሩ ተነቅሎ ከውኃው ራቅ ብሎ ደረቅ መሬት ላይ ይከመር። ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ፣ አንዴ የጸዳ ዳርቻ ደጋግሞ መታየት አለበት።

የፊታችን ቅዳሜ ፕሮግራሙ ሲጀምር ይህንኑ በአየር ላይ እናነባለን። ገበሬውንም በስልክ እናስገባቸዋለን፣ ኔትወርክ ከፈቀደ።