የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ፦ ስለ ቢሯችን ሰዓት ቆጣሪ

ዛሬ ጥቅምት 21 ነው። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ዓመታዊ ሒሳባቸውን አስታውቀው የሚከፍሉበት የመጨረሻ ቀን ጥቅምት 30 በመሆኑ፣ በዚህ ሰሞን ደብረ ማርቆስ ውስጥ በሒሳብ ሥራ የምንተዳደር ሰዎች እንቅልፍ የምናገኘው በልመና ነው። እንዲህ ባለው ወቅት፣ ዛሬ ከሥራ መውጫ ላይ፣ ከሥራ አስኪያጃችን አንድ ሪፖርት ደረሰኝ። ባለፈው አንድ ወር ከሥራ ሰዓቴ ውስጥ 38 በመቶውን «ሥራ ፈትቼ» እንዳሳለፍሁ ይናገራል። ስሜ በቀይ ተጽፏል። ከስሜ በላይ በአረንጓዴ የተጻፈው የማን ስም እንደሆነ ወደ ኋላ እናገራለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ሐምሌ ነው። ሥራ አስኪያጃችን አዲስ አበባ ካለ አንድ ዘመዱ ሰምቶ፣ የሥራ ሰዓት የሚቆጣጠር ሶፍትዌር በየኮምፒውተራችን ላይ አስጫነ። ሶፍትዌሩ በየአሥር ደቂቃው የስክሪናችንን ፎቶ ያነሣል፤ ማውስና ኪቦርድ የተነኩባቸውን ደቂቃዎች ይቆጥራል፤ አምስት ደቂቃ ሙሉ ምንም ካልተነካ ደግሞ ጊዜውን «ሥራ ፈት» በሚለው ዓምድ ያሰፍረዋል። ከዚህ በፊት የፊርማ መዝገብ ነበረን፣ ቀጥሎም የአሻራ ማሽን መጣ፤ በሁለቱም ቅሬታ ኖሮኝ አያውቅም። የሚጠይቁት «መጣሽ ወይስ አልመጣሽም?» ብለው ነው፣ መልሱም እውነተኛ መልስ ነው። አዲሱ ሲስተም ግን «ሠራሽ ወይስ አልሠራሽም?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ከጣቴ ላይ ይፈልጋል።

የመጀመሪያውን ሳምንት ሳስታውስ አሁንም ሳቄ ይመጣል። ሥራ የምንገባው ከጠዋቱ 2:30 ነው፣ የምንወጣው ደግሞ 11:30። ሲስተሙን ያስገባው ልጅ እነዚህን ሰዓቶች እንደተነገሩት ጻፋቸው፤ ሶፍትዌሩ ግን የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነውና 2:30 ለእርሱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ሆነ። በዚህ ስሌት የቢሮው ሠራተኛ በሙሉ ስድስት ሰዓት አርፍዶ ገባ፣ በእኛ 5:30 ላይ የሥራ ጊዜው ተዘጋበት፣ በቀን የሠራነውም ሦስት ሰዓት ብቻ ሆኖ ተመዘገበ። ሥራ አስኪያጃችን ሪፖርቱን አይቶ መጀመሪያ የተቆጣው በእኛ ነበር። ከተስተካከለ በኋላም ቢሆን የሶፍትዌሩ ወር የእኛን ወር ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ስለሚቆርጠው፣ የመስከረም ድካማችን ከጥቅምት ደመወዛችን ጋር ተደባልቆ ይገመገማል። ጳጉሜንማ ጨርሶ አያውቃትም።

ይህን ሁሉ ግን እንደ ቀልድ ልለፈው። ዋናው ብሶቴ ሥራዬን የሚመለከት ነው።

የሒሳብ ሥራ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ለሚመስለው ሰው አንድ ነገር ላስረዳ። ደንበኞቻችን ደረሰኞቻቸውን የሚያመጡልን በፌስታል ነው። አንዱ በጤፍ ጆንያ ሥር ያጎበጠውን፣ ሌላው ዘይት የነካውን፣ ሌላው ደግሞ ቀለሙ ለቆ ቁጥሩ በጭላንጭል የሚነበበውን የማሽን ደረሰኝ ያመጣል። ይህን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በቀን መደርደር፣ የሽያጩንና የግዢውን መለየት፣ ያልተነበበውን ቁጥር በስልክ ደውሎ መጠየቅ የሥራው ትልቁ ክፍል ነው፤ ይህ ሁሉ የሚሠራው በእጅ፣ በእስክሪብቶና በዓይን ነው። ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ ማስገባቱ የመጨረሻው፣ ከሁሉም ይልቅ ቀላሉ ክፍል ነው። ገቢዎች ቢሮ ሄዶ ወረፋ መጠበቅም አለ፤ ሲስተሙ ዘንድ ግን እኔ በዚያ ሰዓት ወንበሬን ትቼ የጠፋሁ ሰው ነኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት የሆነውን ልንገራችሁ። የአንድ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴን የዓመት ሒሳብ ስዘጋ የግዢው ድምር ከሽያጩ ጋር አልመጣጠን አለኝ። ስክሪኑን ትቼ የደረሰኞቹን ክምር አንድ በአንድ ከመዝገቡ ጋር ማመሳከር ጀመርሁ። ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። በመጨረሻ አንድ የ480,000 ብር የብረት ግዢ አንድ ጊዜ ከዋናው ደረሰኝ፣ ሌላ ጊዜ ከፎቶ ኮፒው ሁለቴ ተመዝግቦ አገኘሁት። ወጪው በዚያው ልክ ተጋንኗል፤ በግዢው ላይ የተከፈለው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስም፣ ማለትም 72,000 ብር፣ ሁለት ጊዜ እንዲቀነስ ተጠይቋል። ይህን የግብር ኦዲተር ቀድሞን ቢያገኘው ኖሮ ነጋዴው ቅጣትና ወለድ ይከፍል ነበር፣ የእኛ ቢሮ ስምም አብሮ ይጠፋ ነበር። ነጋዴው ሲሰሙ «እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ ከእሳት አወጣሽኝ» አሉኝ። ሲስተሙ በዚያ ከሰዓት በኋላ ስለ እኔ የመዘገበው «ሥራ ፈት፦ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ» የሚል ነው። በወር ውስጥ ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ ይበልጥ የምኮራበት ሥራ ይኸው ስሜን በቀይ ካስጻፉት ጥፋቶች አንዱ ሆነ።

አሁን ወደ አረንጓዴው ስም ልመለስ። የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ሲስተሙን ከሁላችንም ቀድሞ የተረዳውም እርሱ ነው። መርፌው የሚዞር የእጅ ሰዓት ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያጋድምና ማውሱን በላዩ ላይ ያስቀምጠዋል። የሰከንዱ መርፌ በማውሱ ብርሃን ሥር ሲያልፍ ማውሱ የተንቀሳቀሰ ይመስለዋል፤ በስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስትም ፈቀቅ ትላለች። እርሱ በዚህ መሐል ቡና ይጠጣል። ሰዓት ቆጣሪውን በሰዓት አሸነፈው ማለት ነው! አበው «የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» ያሉት ለሌላ ጉዳይ ቢሆንም፣ የእኛ ቢሮ አይጥ (ማውስ በእንግሊዝኛ አይጥ ማለት ነውና) እንዲህ ያለ ምስክር ስታገኝ ሳይ ተረቱ ለእኛ የተተረተ መሰለኝ። ስሙን የማልጠራው በእርሱ ላይ ቂም ስለሌለኝ ነው፤ ይልቅስ ሐቀኛውን ከአስመሳዩ በታች በሚያስቀምጥ መለኪያ ፊት ሰው ምን እንዲያደርግ ይጠበቃል?

ይህ ደግሞ የእኛ አገር ብልጠት ብቻ አይደለም። በ2024 እ.ኤ.አ. ዌልስ ፋርጎ የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ባንክ፣ ኪቦርዳቸው ላይ እየሠሩ እንደሆነ አስመስለዋል ያላቸውን ከደርዘን በላይ ሠራተኞች አሰናብቷል። ቻርለስ ጉድኸርት የተባለ እንግሊዛዊ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ በ1975 እ.ኤ.አ. ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፍ፣ አንድ በስታቲስቲክስ የታየ ዝምድና ለመቆጣጠሪያነት ሲፈለግና ጫና ሲበዛበት እንደሚፈርስ አስገንዝቦ ነበር። እርሱ የተናገረው ስለ ገንዘብ ነው፣ ለማውስም ግን ሳይሠራ አልቀረም፤ እጁ የሚንቀሳቀስ ሠራተኛ ይሠራል የሚለው ግምት እውነት የሚሆነው ሠራተኛው እጁ እየተቆጠረ መሆኑን እስካላወቀ ድረስ ነው።

ሥራ አስኪያጃችን በስብሰባ ላይ «ያደጉት አገሮች ያደጉት ሰዓት ስለሚቆጥሩ ነው» ብሎናል። እሺ፣ የቆጣሪዎቹን አባት እንመልከት። ፍሬድሪክ ቴይለር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ የሠራተኛውን እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በእጅ በሚያዝ ሰዓት እየለካ ሥራን ለማፋጠን የደከመ ሰው ነበር፤ በአንድ የብረት ፋብሪካ አንድ ሠራተኛ በቀን የሚጭነውን ብረት ከ12 ቶን ተኩል ወደ 47 ቶን ተኩል እንዳሳደገም ራሱ ጽፏል። ልብ በሉ፣ ቴይለር እንኳ በመጨረሻ የቆጠረው የተጫነውን ብረት ነው። የእኛ ሲስተም ግን ብረቱን ትቶ የጫኚውን እጅ ይቆጥራል። ደግሞም በ1911 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ግዛት በሚገኘው የዋተርታውን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች እንዲህ ባለው የእጅ ሰዓት መለካታቸውን ተቃውመው ሥራ አቁመዋል። እነርሱም ያደገው አገር ሰዎች ናቸው።

እኔ ደግሞ ስለ መለካት ከገበሬ ልጅነቴ የማውቀው አለኝ። አባቴ ማቻከል ውስጥ ያርሳሉ። በእርሳቸው ዘንድ ጥማድ የሚባለው የመሬት ልክ አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ ቀኑ ራሱ በታረሰው መሬት ይለካል። ጠዋት ከማሳው ዳር ቆመው ሰማዩን ሲያዩ፣ ዝቅ ብለው አፈሩን በእጃቸው ጨብጠው እርጥበቱን ሲመዝኑ የሚያሳልፉትን ጊዜ የእኛ ሲስተም ቢያየው «ሥራ ፈት» ይላቸው ነበር። ዳሩ ግን የዚያን ቀን በሬ ይጠመድ ወይስ ይደር የሚለው የሚወሰነው እዚያች ቁሞ ማሰብ ላይ ነው። ገበሬ መቆጠርን ይጠላል እያልሁ አይደለም፤ በወንፈል ቀን በቀን ይቆጠራል፣ ዛሬ ያጨድሁልህን ነገ ታጭድልኛለህ። ማጭዱን ይዞ ወሬ ሲያወራ የዋለውን ሰውም ሁሉም ያውቀዋል። የሚታወቀው ግን ከኋላው በተወው ያልታጨደ ጤፍ ነው።

ለሥራ አስኪያጃችን ፍትሐዊ ልሁን። የሚያሰጋው ነገር እውነት ነው፤ በሥራ ሰዓት ስልኩ ላይ ተጥዶ የሚውል ሠራተኛ ነበረ፣ አሁንም አለ። ደንበኛን ስንት እንደምናስከፍል ለማወቅም የእያንዳንዱ ፋይል ሥራ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ማወቅ ይጠቅማል። ይህን እኔም ሞክሬዋለሁ፦ ባለፈው ዓመት ለሁለት ሳምንት የምሠራውን ሁሉ በደብተር ላይ በራሴ እጅ እየጻፍሁ አየሁት፣ ብዙም ተማርሁበት። ትንሽ ነው ብለን በርካሽ የተቀበልነው አንድ የሱቅ ሒሳብ ከትልቁ የዱቄት ፋብሪካ ሒሳብ ይበልጥ ጊዜ ይበላ ነበር፤ ምክንያቱም የሱቁ ደረሰኞች በየሦስት ወሩ ተጠቅልለው ይመጣሉ። ደንበኛው በየሳምንቱ እንዲያመጣ ጠይቄ ሥራው በግማሽ ቀለለ። እንዲህ ያለውን ነገር ሶፍትዌሩ በአራት ወር ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልነገረንም። እኔ በደብተሬ የጠየቅሁት «ጊዜው ምን ላይ ዋለ?» የሚለውን ነበር፤ ሲስተሙ የሚጠይቀው «ማን ተኛ?» የሚለውን ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ለሚጠይቀኝ ሰው የሆዴን ሁሉ እነግረዋለሁ፣ ለሁለተኛው ግን ማውስ እያነቃነቅሁ እመልስለታለሁ። ይኸው እኔም ሰሞኑን ደረሰኝ እያመሳከርሁ በግራ እጄ ማውሱን መግፋት ለምዶብኛል። በየአምስት ደቂቃው። ስንተኛው ደረሰኝ ላይ እንደነበርሁ የሚጠፋኝም በዚያችው ቅጽበት ነው።

መብራት የሚጠፋበትን ቀን አላነሣም። ኔትወርክ ስለሌለበት ቀንም አላወራም፤ ጎጃም ውስጥ የሚኖር አንባቢ የራሱን መሙላት ይችላል።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው፣ ከሁሉም የሚያንገበግበኝም እርሱ ነው። ሲስተሙ 11:30 ላይ ይዘጋል። በግብር ወቅት ግን እኛ 11:30 ላይ አንወጣም፤ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፈን እንቆያለን። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ትርፍ ሰዓት ደግሞ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም፣ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራውም ክፍያው የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ይህን ጠቅሼ ባለፈው ሳምንት በጽሑፍ ጥያቄ አቀረብሁ። አምስት ደቂቃ ያልነካሁትን ማውስ የሚያስታውስ ሲስተም ሦስት ሰዓት ተኩል ያመሸሁበትን ሌሊት ማስታወስ እንዴት አቃተው ብዬም ጠየቅሁ። ሥራ አስኪያጃችን ሪፖርቱን ከፍቶ ወደ እኔ አዞረና «እኅቴ፣ እኔ ምን ላድርግ፤ ሲስተሙ ላይ የለም» አለኝ።

ስለዚህ ደብተሬን እንደገና አውጥቻለሁ። ከጥቅምት 1 እስከ ዛሬ ማታ ድረስ ባሉት ሦስት ሳምንታት የሠራሁት ትርፍ ሰዓት 41 ሆኗል፤ ሕጉ በሦስት ሳምንት የሚፈቅደው ከፍተኛው 36 ነው። አሁን ከምሽቱ 2:50 ነው፣ ጠረጴዛዬ ላይ ያልተፈቱ አራት ፌስታሎች አሉ፣ ኮምፒውተሩም ከተዘጋ ቆይቷል።