«መቺ የለንም» የሚለው ለቅሶ ሰልችቶኛል

በየዓመቱ የሜልበርን በጋ ሲገባ አንድ ለቅሶ አብሮ ይገባል። «መቺ የለንም! ወጣቶቹ የት ገቡ?» መኪና ውስጥ ሬዲዮ ስከፍት እሱ ነው። ሥራ ቦታ ምሳ ስበላ እሱ ነው። ማታ ስልኬን ስከፍት አንድ የማላውቀው ሰውዬ እሱኑ ይደግመዋል፣ ከሥሩ ደግሞ የአስተያየት መዓት።

አዎ፣ ክሪኬት ነው የማወራው። ያ ነጭ ለብሰው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚቆሙበት ጨዋታ። መቺ ማለት የተወረወረለትን ኳስ በእንጨት ባት መትቶ ነጥብ የሚያመጣው ነው። ፉትስክሬይ ቡና ላይ የምንገናኝ ልጆች አሁን እየሳቃችሁብኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ሳቁ። «ፈረንጅ ሆንክ» በሉኝ። ዛሬ ግን ካልተነፈስኩ አልችልም።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ስድስቱ የአውስትራሊያ ክልሎች፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ቪክቶሪያ፣ ኩዊንስላንድ፣ ሳውዝ አውስትራሊያ፣ ዌስተርን አውስትራሊያና ታዝማኒያ ሼፊልድ ሺልድ በሚባል ውድድር ይጋጠማሉ። ከ1892 ጀምሮ ያለ ውድድር ነው። አንዱ ጨዋታ አራት ቀን ይፈጃል፣ እያንዳንዱ ቡድንም ሁለት ጊዜ ይመታል። ብሔራዊ ቡድኑ ለቴስት፣ ማለትም ለአምስት ቀኑ ጨዋታ፣ ሰው የሚመለምለው በዋናነት ከዚህ ነው። እንግዲህ ቁጠሩት። ስድስት ቡድን፣ በየቡድኑ ስድስት ሰባት መቺ። በጠቅላላው አገር ለመቺ ያለው ቦታ አርባ ገደማ ነው። ለዚያች አርባ ቦታ የሚጋፋው ወጣት ብዛት ግን አያድርስ ነው።

እና መቺ የለም? ኧረ እባካችሁ!

ፌብሩዋሪ 2024 ደቡብ አፍሪካ ቤኖኒ ላይ ከ19 ዓመት በታች የአውስትራሊያ ቡድን ሕንድን በ79 ራን ረትቶ የዓለም ዋንጫ ወሰደ። (ራን ያው ነጥብ በሉት።) ካፒቴኑ ሂው ዋይብገን ነበር። ሳም ኮንስታስ ነበረበት። በፍጻሜው 55 የመታው ሃርጃስ ሲንግ ነበረበት። ይኸው ሃርጃስ ኦክቶበር 2025 ሲድኒ ውስጥ በአንድ የክለብ ጨዋታ በ141 ኳስ 314 ራን መታ። ብቻውን! አሥራ አንድ ሰው ተሰብስቦም ብዙ ጊዜ የማያመጣውን ቁጥር። ጄክ ፍሬዘር መጉርክ በ2023 ለሳውዝ አውስትራሊያ ሲጫወት በ29 ኳስ መቶ ገባ። በአንድ ቀን ጨዋታ የዓለም ሪከርዱ እስከዚያ ድረስ የኤቢ ዴቪሊየርስ 31 ኳስ ነበር። ኩፐር ኮኖሊ ደግሞ የመጀመሪያ የሺልድ ጨዋታው የ2024ቱ ፍጻሜ ሆነና 90 መታ። የመጀመሪያ ጨዋታው፣ ያውም ፍጻሜ!

ይሄ ነው እንግዲህ «የለም» የሚባለው።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ልጆቹ ሲመጡ የሚደረገው ነገር ነው። ኮንስታስን እንውሰድ። ኦክቶበር 2024 ላይ በአንድ የሺልድ ጨዋታ 152ና 105 መታ። በአንድ ጨዋታ ሁለት ጊዜ መቶ! በዚያ ዕድሜ ከሪኪ ፖንቲንግ ወዲህ ማንም አላደረገውም። አገሩ አበደ። «አስገቡት! አስገቡት!» ዲሴምበር 26፣ በፈረንጆቹ ገና ማግስት፣ ሜልበርን ክሪኬት ግራውንድ ላይ 87 ሺህ ሰው እያየው ገባ። ዕድሜው 19። ፊት ለፊቱ ያለው የሕንዱ ወርዋሪ ጃስፕሪት ቡምራ ነው። የዓለም ቁንጮ። ልጁ ምን አደረገ? ባቱን አጋድሞ ኳሷን ወደ ኋላ፣ በጠባቂው ራስ ላይ ሰደዳት። የሕንዱ ኮከብ ቪራት ኮህሊ ሳይቀር በትከሻው ገጨው። በ65 ኳስ 60 ራን። በማግስቱ ልጁ አምላክ ሆኖ አደረ።

ከዚያስ? ሲድኒ ላይ አንድ ቴስት ተጫወተ። ስሪላንካ ወሰዱትና ሳያሰልፉት መለሱት። በ2025 አጋማሽ ወደ ዌስት ኢንዲስ ወሰዱት። እዚያ መሬቱ ለመቺ መከራ ነበር፣ ትልልቆቹም ሲደናበሩ ነው የከረሙት። ለመምታት ስድስት ጊዜ ገብቶ 50 ራን ብቻ አገኘ። አሽስ በሚባለው የቴስት ፉክክር ከእንግሊዝ ጋር ሲጋጠሙ ስሙ ዝርዝሩ ላይ አልነበረም። ያ «አስገቡት» ሲል የነበረው ሬዲዮ አሁን «ቀድሞስ ማን አስገባው?» ይላል። አንተ ነህ! አንተው ነህ ያስገባኸው!

አሁን ደሜን የሚያፈላውን ልንገራችሁ። በ1985፣ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው የገና ማግስት፣ በዚያው ሕንድ ላይ አንድ ሌላ የኒው ሳውዝ ዌልስ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈ። ዕድሜው 20። 13ና 5 መትቶ ወጣ። ስቲቭ ዋው ይባላል። የመጀመሪያ መቶውን እስኪያገኝ 27 ቴስት ፈጀበት። ሃያ ሰባት! ሲሰናበት 168 ቴስት፣ 10,927 ራን፣ 32 መቶ ነበረው። አዎ፣ ያኔ ቡድኑ ደካማ ነበር፣ ዋውም ኳስ ይወረውር ነበር፣ አውቃለሁ፣ አታርሙኝ። ዛሬ ቢሆን ግን ከአምስተኛው ቴስት አያልፍም ነበር። ኮንስታስ የተሰጠው ስንት ነው? አምስት።

ኮንስታስ ይቅርታ ይገባዋል እያልኩ አይደለም። በአምስት ቴስት 163 ራን ማንንም አያኮራም። የምለው ሌላ ነው። ወይ ከማስገባታችሁ በፊት ታገሱ፣ ወይ ካስገባችሁ በኋላ ታገሱ። እናንተ ግን ሁለቱንም አታውቁም። ቀስ በቀስ በእግሩ መሄድ ያለበትን እንቁላል መጀመሪያ ሩጫ ታስገቡታላችሁ፣ ከዚያ ለምን ተሰበረ ትላላችሁ።

ኔታን ማክስዊኒን ደግሞ እዩት። በክልሉ ሦስተኛ ሆኖ የሚገባ ሰው ነው። ኖቬምበር 2024 አንስተው ከፋች መቺ አደረጉት። ከፋች ማለት አዲሷን ኳስ፣ ትኩስ ወርዋሪን፣ መጀመሪያ የሚቀበል ነው። የሚቀበለውም ያንኑ ቡምራን ነው፣ በዚያ ተከታታይ ጨዋታ 32 ዊኬት የወሰደውን፣ ማለትም 32 ጊዜ መቺ ያስወጣውን። ሦስት ቴስት ሰጡትና አወጡት። ያለመድከውን ሥራ ይሰጡሃል፣ ከዚያ በወሩ «አልቻልክም» ይሉሃል። ይሄን ያላየ ስደተኛ አለ?

ማት ሬንሾውም አለ። በ20 ዓመቱ ገባ። ጃንዋሪ 2017 ሲድኒ ላይ ፓኪስታን ላይ 184 መታ። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ አሽስ ሲጀመር፣ ቡድኑ ውስጥ አልነበረም። ፊሊፕ ሂዩዝ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በ2009 ደርባን ላይ በ20 ዓመቱ 115ና 160 መታ። በአንድ ቴስት ሁለት ጊዜ መቶ በዚያ ዕድሜ የመታ ሰው አልነበረም። ከጥቂት ወራት በኋላ እንግሊዝ ላይ ሁለት ቴስት ተጫውቶ ወረደ። ነገሩ የትናንት አይደለም ማለቴ ነው።

ሌላው ደግሞ በሩን የሚዘጉት ነገር። ዴቪድ ዋርነር ጃንዋሪ 2024 ላይ ተሰናበተ። የከፋችነት ቦታ ባዶ ሆነ። ሰልፉ ላይ ባንክሮፍት፣ ሃሪስና ሬንሾው ቆመዋል። ካሜሮን ባንክሮፍት በ2022/23 የሺልድ ዓመት በ945 ራን አንደኛ ነበር። ማንን መረጡ? ስቲቭ ስሚዝን! ዕድሜ ልኩን በመሀል የሚመታውን፣ ቀድሞውንም ቡድኑ ውስጥ ያለውን ሰው። አራት ቴስት ሞክሮ ወደ ቦታው ተመለሰ። ታዲያ በሺልድ አንደኛ መውጣት ምን ይጠቅማል? ልጁ ምን ብሎ ይልፋ?

ኖቬምበር 2025 ፐርዝ ላይ አሽስ ሲከፈት ከተሰለፉት 11 ሰዎች ከ30 ዓመት በታች የነበረው ካሜሮን ግሪን ብቻ ነው። አንድ ሰው! በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው ከፋች ጄክ ዌዘራልድ ራሱ 31 ዓመቱ ነበር። በእሱ ቅር አይለኝም፣ በ2024/25 የሺልድ ዓመት 906 ራን መትቶ በላቡ የገባ ነው። ደግሞም አሸነፉ። አሽስን ያዙ። ሲያሸንፉ እኔም ሰው ነኝ፣ ጨፈርኩ። ግን እነዚህ ሰዎች አብረው ነው የሚያረጁት፣ አብረው ነው የሚወጡት። ያኔ ያ ለቅሶ በእጥፍ ይመጣል።

የጨዋታ ሰሌዳውንማ ባላነሳው ይሻለኝ ነበር። ሺልድ በኦክቶበር ይጀመርና ዲሴምበር ላይ ይቆማል። ለምን? ቢግ ባሽ ስለሚገባ። ርችት፣ ሙዚቃ፣ የሦስት ሰዓት ጨዋታ። እስከ ፌብሩዋሪ ድረስ ወጣቱ የረጅሙን ጨዋታ ቀይ ኳስ በሺልድ አያይም። እና ቴስት የሚካሄደው መቼ ነው? በዚያው ሰሞን! ልጁ ማታ ማታ ኳስ ወደ ሰማይ እየላከ ሰንብቶ፣ በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ተከላክሎ እንዲውል ይጠበቃል። ኮንስታስም በቢግ ባሽ ለሲድኒ ተንደር በ20 ኳስ 50 በመታ በቀናት ውስጥ ነው ነጭ ለብሶ የገባው። ከዚያ «የዘንድሮ ልጆች ትዕግሥት የላቸውም» ይሉሃል።

ኳሷም ተለውጣለች። ከ2020 ገደማ ወዲህ ኩካቡራ የምትባለው የሺልዷ ኳስ ስፌት ጠንከር ብሏል፣ የሺልድ ሜዳዎችም ሣር በዝቶባቸዋል። ለወርዋሪ ሠርግ ነው። ዛሬ በሺልድ በአማካይ 38 የሚመታ ልጅ የድሮው 50 ነው ብዬ እከራከራለሁ። ሬዲዮው ላይ ያሉት ሽማግሌዎች ግን በ1990ዎቹ ቁጥር ነው የሚለኩት።

የሚገርማችሁ፣ ይሄ ሁሉ የሚያለቅስ ሰው ሺልድ አያይም። ሴንት ኪልዳ ሰፈር ጀንክሽን ኦቫል የሚባል ሜዳ አለ፣ ቪክቶሪያ እዚያ ትጫወታለች። ሄዳችሁ ተቀመጡ፣ ወንበር አትሻሙም። ጡረተኞች፣ ውሻ የያዘች ሴትዮ፣ አንድ ሐበሻ። ሐበሻው እኔ ነኝ።

አሁን ደግሞ ተረኛው ታውቋል። ኦሊ ፒክ ይባላል፣ የቪክቶሪያ ልጅ፣ በ2006 የተወለደ። በቤኖኒው ፍጻሜ ሳይወጣ 46 መትቷል። አባቱም ከ19 ዓመት በታች ቡድን ውስጥ በአንድ ቴስት ከ300 በላይ የመታ ሰው ነው። ልጁ ገና 18 ሳለ ልምድ እንዲቀስም ብለው ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር ስሪላንካ ወስደውት ነበር። ይሄ ጥሩ ነው፣ ለአንዴም ቢሆን አመሰግናለሁ። ግን ያ ምሳ ላይ የሚያለቅሰው ባልደረባዬ ስሙን ከየት እንደሰማው እንጃ፣ «ይሄ ፒክ የሚሉት ልጅ ለምን ቴስት አይገባም?» አለኝ። «መጀመሪያ ሦስት ዓመት ሺልድ ይጫወት» አልኩት። «ሦስት ዓመት?! እኛ አሁን ነው መቺ የቸገረን!» አይለኝም?